በልግን የማይቆጥሩት ጋሽ ይመር

«በልግ አይቆጠርም!» አሉ ጋሽ ይመር፤ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር።

«ለምንድን ነው የማይቆጠረው?» ጓድ ተስፋዬ ፊቱ ያለውን ቅጽ አንስቶ ወደ እሳቸው አዞረው። ጋሽ ይመር ማንበብ እንደማይችሉ ረስቶታል። «በልግ ዝናብ አይደለም? እርስዎ የወሎ ሰው አይደሉም? ደጋው በበልግ እህል አይደለም እንዴ የሚያድረው? ይኸው እዚህ ላይ ‹ሦስተኛ ክምር፤ ያለፈበት የዝናብ ወቅት ሁለት› ይላል። በልግ አንድ፣ ክረምት ሁለት። ክምሩ ደርሷል ማለት ነው!»

«አልደረሰም።»

«ቅጹ ደርሷል እያለ?»

«እንግዲያማ ቅጹን እርሻው ላይ በትኑት።»

ከጠረጴዛው ዙሪያ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ጓድ ተስፋዬ አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ቅጹንም የሞላሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ ይመር ከወንበራቸው ጎን ያቆሙትን የወይራ ካስማ አንስተው ጠረጴዛው ላይ፣ በቅጹና በጓድ ተስፋዬ የሻይ ብርጭቆ መካከል አጋደሙት። ክንድ የሚያህል ካስማ ነው። ጫፉ ላይ በቢላ የተቆረጠ ምልክት አለው። አንድ ብቻ።

«የኔ ቅጽ ይኼ ነው» አሉ። «በየመስከረሙ አንድ እቆርጣለሁ። ሁለት ሳይሞላ በሩን አልከፍትም።»

ነፋስ የቢሮዋን የቆርቆሮ በር ወስዶ አላተመው። ያ በር ሰው ሲገባም ሲወጣም እንዲሁ ነበር፤ ይጮኻል። ጓድ ተስፋዬ ደንገጥ ብሎ ዞር አለና መልሶ ካስማውን ተመለከተው።

ክርክሩ ስለ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ደሴ ውስጥ የሞሉ መጸዳጃ ቤቶችን የሚመጥጥ አንድ ቦቴ መኪና ነበር። ከየሰፈሩ የመጠጠውን ይዞ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ይወርድና ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ ካሉት ኩሬዎች ይገለብጠዋል። ከሠራተኞች መኖሪያ በቦይ የሚመጣው ፍሳሽም እዚያው ይገባል። ውሃው ከላይ እየጠለለ ያልፋል፤ ከታች የሚቀረው ወፍራም ነገር ዝቃጭ ይባላል። ዝቃጩ በአካፋ ይወጣና አሸዋ በተነጠፈበት መደብ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ከጭድና ከአመድ ጋር ተደባልቆ ይከመራል። ከዚያ ይቀመጣል። በቂ ጊዜ ከተቀመጠ ከከብት ፍግ የማያንስ ማዳበሪያ ይወጣዋል። በቂ ጊዜ የሚባለው ስንት እንደሆነ ነው እንግዲህ ያን ቀን ያጨቃጨቀን።

የዚህ ሁሉ ጠባቂ ጋሽ ይመር ነበሩ። የክምሮቹ ግቢ ቁልፍ በጥቁር ክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ያን ቀን የተፈለገው ቁልፉ ነው። ሦስተኛው ክምር ተከፍቶ በቦርከና ዳር ለሚያለማው የአትክልት አምራቾች ማኅበር እንዲከፋፈል ጓድ ተስፋዬ ወስኗል። እሱ የምርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ ካሮትና ሰላጣ የሚዘራበት ሰሞን፤ ከላይም ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሏል። ድርቁ ካለፈ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። በዚያ ጊዜ ‹ምርት› በሚባል ነገር ፊት የቆመ ሰው ምን ስም እንደሚወጣለት፣ ከስሙ ቀጥሎም ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጋሽ ይመርም ያውቃሉ።

ባለፈው ጥር አረፉ። መርዶውን የነገረኝ የቦቴው ሾፌር ነው። ደሴ ሸዋ በር ላይ መኪናውን አቁሞ በመስኮቱ ጠራኝና፣ «ያ በልግ የማይቆጥረው ሰውዬህ ሄደ» አለኝ። ቁልፉን ከአንገታቸው ያወለቁት ሲያጥቧቸው ነው አለ። ከዚያ በኋላ ስለ እሳቸው ለመጻፍ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ግጥም ሊሆንልኝ አልቻለም። እሳቸው ቢሰሙት ምን እንደሚሉ ስለማውቅ እየቀደድኩ ጣልኩት።

የተዋወቅነው በሥራ ነው። እኔ ደሴ በጽዳት ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ረቡዕ ረቡዕ ከቦቴው ጋር ኮምቦልቻ ወርጄ ስንት ጭነት እንደተገለበጠና የትኛው ክምር የት እንደደረሰ በቅጽ እመዘግባለሁ። ሥራውን አልወደድኩትም። ራሴን ባለቅኔ አድርጌ የማስብ፣ መጽሐፍ እየለመንኩ የማነብ፣ በየመንገዱ ቃል የምለቅም ሰው ነበርኩና የሰው ዓይነ ምድር መዝጋቢ ሆኖ መገኘት የውርደት ጫፍ መሰለኝ። የመጀመሪያው ቀን ከመኪናው ስወርድ አፍንጫዬን በመሐረብ ይዤ ነበር።

ቀጭን፣ ረጅም ሰው ከኩሬው ዳር ቆመው አዩኝ። ነጭ ኮፊያ፣ እስከ አንገት የተቆለፈ ሸሚዝ፣ የጎማ ቦት ጫማ።

«ከየት ሰፈር ነህ?» አሉኝ፤ ሰላምታም ሳይቀድም።

«ከሆጤ።»

«እንግዲያው መሐረቡን አውርደው። ከሆጤ የመጣው እዚያ ጋ ነው» ብለው በአካፋቸው ጠቆሙኝ። «ያንተም ይኖርበታል። ሰው ከገዛ ራሱ አይሸሽም።»

ሾፌሩ እስኪያነባ ሳቀ። እኔ መሐረቡን አወረድኩ። እሳቸው አልሳቁም፤ ቀልድ መናገራቸውንም የሚያውቁ አይመስሉም ነበር።

ከደሴም ከኮምቦልቻም እንደ እሳቸው ንጹሕ ሰው አላየሁም። የሳሙና ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልለው ኪሳቸው ይይዛሉ። ከሶላት በፊት መታጠባቸው የታወቀ ነው፤ ከሶላት በኋላም፣ ከምሳ በፊትም፣ ሰው ከመጨበጣቸው በፊትም ይታጠባሉ። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፤ ልብሳቸውን ራሳቸው አጥበው ራሳቸው ይተኩሱታል። ግቢው ውስጥ የቆመች አንዲት ክፍል ነበረቻቸው፤ ወለሏ ላይ ጫማ አይገባም።

ዝቃጩን በሦስት ስም ይጠሩት ነበር። ከቦቴው ሲወርድ ‹እንግዳ› ነው። መደቡ ላይ ሲደርቅ ‹ጎረቤት›። ሁለት ክረምት ካሳለፈ በኋላ ብቻ ‹አፈር›። «እንግዳ ስንት መጣ ዛሬ?» ይሉኛል ከቅጼ ጋር ሲያዩኝ። አንድ ክምር አፈር መሆኑን ለመመስከር የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ክምሩ ውስጥ ይከታሉ፤ ይቆያሉ፤ ትኩሳቱን ነው የሚያዳምጡት። ከዚያ እፍኝ ያወጡና በሁለት መዳፋቸው መካከል አሽተው ይለቁታል። መዳፋቸው ላይ ተጣብቆ የቀረ ነገር ካለ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ከሌለ ያሸቱታል። ከዚያም በኋላ ካስማውን ነቅለው ምልክቱን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። እያንዳንዱ ክምር የራሱ ካስማ ነበረው። መስከረም በባተ በመጀመሪያው ጁምዓ፣ ከሶላት መልስ፣ በየካስማው ላይ አንድ አንድ ይቆርጣሉ። እጃቸው ደርሷል ቢላቸው፣ አፍንጫቸው ደርሷል ቢላቸው፣ ካስማው ላይ ሁለት ከሌለ አልደረሰም።

«አፍንጫም ይዋሻል» ይሉኝ ነበር። «የቸኮለ ሰው አፍንጫ ከሁሉ የባሰ ውሸታም ነው።»

መስጊድ ውስጥ የገጠማቸውን ራሳቸው ነው የነገሩኝ። ሥራውን በጀመሩበት ዘመን፣ ጁምዓ ለሶላት ሲሰለፉ ከጎናቸው ያለው ሰው ፈቀቅ ይላል። በሌላኛው ጎናቸው ያለውም ፈቀቅ ይላል። ነጃሳ፣ ርኩስ ነገር፣ የነካ ነው ተብሎ ነው። እሳቸው ግን የዚያን ዓመት በቆርቆሮ ጣሳ በሶብላ ተከሉ፤ ሲያድግ ተሸክመው ለሼኹ ወሰዱላቸው። ሼኹ ቅጠሉን አሽተው ወደዱት።

«ማሻአላህ፤ ይኼን የመሰለ በሶብላ የበቀለው ከምን አፈር ነው?»

«ከደሴ ሰው ሆድ ነው ሼኽዬ።»

ሼኹ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ጣሳውን ገልበጥ አድርገው አፈሩን ዳሰሱት፣ አሸቱት። «ጠጅ ተለውጦ ኮምጣጤ ከሆነ በኋላ ጠጅ ነበርክ ተብሎ አይከሰስም» አሉ። «አላህ የለወጠውን እኛ አንመልሰውም።» በሚቀጥለው ጁምዓ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ይመር፣ ና እዚህ ከጎኔ ቁም» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ፈቀቅ ያለ የለም።

ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ ግን የሚጨምሩት ነገር ነበራቸው። «ሼኹ ‹ከሆነ በኋላ› ነው ያሉት። ሳይሆን ሆኗል ማለትን አልፈቀዱልኝም።»

አንድ ረቡዕ ቦቴው ተበላሽቶ ስንጠብቅ ግጥም አነበብኩላቸው። አካፋቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ። አርባ ስንኝ ነበር።

«መቼ ጻፍከው?» አሉኝ።

«ትናንት።»

«ትናንት! እንግዳ ነዋ ገና። ይሸታል።»

«ምኑ ነው የሚሸተው ጋሽ ይመር?»

ትንሽ አሰቡ። «ሰው ይስማኝ፣ ሰው ይስማኝ ይላል። ስለ ወንዙ ነው ያልከኝ፤ ወንዙን ግን አላየሁትም። አቆየው።»

ተቀየምኩ። ሐረጎን ወደ ላይ ስንወጣ ከሾፌሩ ጋር እንኳ አልተነጋገርኩም። ግጥሙን ፍራሽ ሥር ከተትኩትና ረሳሁት። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ሳወጣው ከአርባው ስንኝ ሦስቱ ብቻ በሕይወት ነበሩ። ሦስቱም ስለ ወንዙ ናቸው።

ጋሽ ይመር አንድ ወዳጅ ነበራቸው፤ አቶ ሁሴን። የአትክልት አምራቾቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ሁለቱ የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ ከደጋን አካባቢ አብረው ነው ኮምቦልቻ የገቡት። አቶ ሁሴን ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ድምፃቸው ከርቀት የሚሰማ ሰው ነበሩ። ሲገናኙ እጅ ለእጅ ተያይዘው ረጅም ሰላምታ ይለዋወጣሉ። «ደህና ነህ ወይ? አፈርህ ደህና ነው ወይ? እንግዶችህ ደህና ናቸው ወይ?» እያሉ አቶ ሁሴን ይቀልዳሉ። በየዓመቱ መጀመሪያ ከሚከፈተው ክምር ምርጡ የሚሄደው ለእሳቸው ነው። ጋሽ ይመር በወንፊት ነፍተው፣ ድንጋዩን ለቅመው፣ ራሳቸው ጭነው ይወስዱላቸዋል። ለሌላ ለማንም እንዲህ አያደርጉም። ፍቅር ነው ብዬ ነበር የማየው።

አንድ ጊዜ ለኢድ ወደ አቶ ሁሴን ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ቤቱ ሞቅ ያለ ነው። ከምሳ በኋላ አቶ ሁሴን ከጓሮ የነቀሉትን ካሮት አሳጥበው አስመጡ። ልጣጩን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርገው ለጋሽ ይመር አቀበሉ። «ያንተው አፈር ያበቀለው ነው፤ ብላ እስቲ!» ጋሽ ይመር ተቀበሉ፤ አመሰገኑ። ወሬ ሲቀጥል ካሮቱን ቀስ ብለው ኪሳቸው ሲከቱት አየሁ። እኔ የሰው እጅ ማየት እወዳለሁ፤ ፊት የሚደብቀውን እጅ ያወጣዋል።

ስንሰነባበት አቶ ሁሴን የበሩ መቃን ላይ እጃቸውን አድርገው፣ «ቤቱ ልጅ አጣ እንጂ ምንም አልጎደለው» አሉኝ። «ከፋጡማዬ በኋላ አላህ አልሰጠኝም።» ፋጡማ አምስት ዓመቷ ነበር። ሆዷን አሟት ሞተች። ደሴ ሆስፒታል አድርሰዋት ነበር፤ አንጀቷ በወስፋት ተዘግቶ ነው ያሉት፣ አልተረፈችም። «አባባ ይመር የት አለ እያለች ነው የሄደችው» አሉ አቶ ሁሴን። «ከሱ ትከሻ አትወርድም ነበር።» ጋሽ ይመር መሬት መሬት ያያሉ።

በመንገድ ላይ አህያ አገኘን። ጋሽ ይመር ካሮቱን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ከዚያ ሳሙናቸውን አወጡና ቦርከና ዳር ወርደው እጃቸውን ታጠቡ። ረጅም ጊዜ ታጠቡ። እኔ ዳገቱ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ነበር፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። በልቤ ‹ሽማግሌ ካሮት ማኘክ አቅቶት ይሆናል› ብዬ አለፍኩ። ዓይኔ አይቶ ያላስተዋለው ነገር ይኼ ነው።

አሁን ወደ ቅጹ። ቅጹ ከደሴ የመጣ፣ በስቴንስል የተባዛ ነው። ‹ያለፈበት የዝናብ ወቅት› የሚል ዓምድ አለው። እኔ ያን ረቡዕ እስክሪብቶዬ ቅጹ ላይ፣ ሐሳቤ ግን ቤት መምቻ ፍለጋ ላይ ነበር። ሦስተኛው ክምር በጥር እንደተከመረ አውቃለሁ። ከጥር ወዲህ በልግ ዘንቧል፤ ክረምትም ዘንቧል። የወሎ ልጅ ነኝና ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ካስማውን ሄጄ አላየሁም። ጋሽ ይመር ማንበብ አይችሉም፤ አንብቤላቸውም አላውቅም። ያቺ ቁጥር ከቅጽ ወደ ሪፖርት፣ ከሪፖርት ወደ ዕቅድ ሄዳ ጓድ ተስፋዬ ጠረጴዛ ላይ ደረሰች።

ስብሰባው ላይ ጓድ ተስፋዬ፣ «ለመሆኑ ይኼን ቅጽ ማን ነው የሞላው?» ብሎ ጠየቀ። እስክሪብቶዬ ቆመ። ጋሽ ይመር አዩኝ፤ ከዚያ ዓይናቸውን መለሱ።

«እኔ ፊደል አላውቅም» አሉ። «ያልነገርኩት ሰው ነው የተሳሳተው። ጥፋቱ ያልነገረው ሰው ነው።»

ዝም አልኩ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ይሸት ነበር፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ጓድ ተስፋዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ደሴ ተወልዶ ያደገ፣ በድርቁ ጊዜ በየመጠለያው ሲሠራ የከረመ ሰው ነው። ድምፁ ከፍ ያለው ያየውን አይቶ ነው። «እኔ በነዚህ እጆቼ ሬሳ ተሸክሜያለሁ» አለ። «ሕዝብ ተርቦ አልቆ እርስዎ አፈር ያሳርፋሉ? አፈር ምን ይደክመዋል? የማኅበሩ መሬት ተሟጦ አልቋል፤ ሃምሳ አባወራ ነው የሚጠብቀው! ሌላ አንድ ዓመት ምን ይብላ?»

«በፍግ ይዝራ። የደረሰው ሁለተኛው ክምር ግማሹ አለ፤ እሱን ይውሰድ።»

«ለአሥር አባወራ አይበቃም!»

«አይበቃም» አሉ ጋሽ ይመር። «እውነት ነው፤ አይበቃም።»

«እንግዲህ ስማ፣ ይመር» አለ ጓድ ተስፋዬ። እስከዚያ ድረስ ‹እርስዎ› ሲል ነበር። «አንተ ለምን እንደሆነ አስረዳኝ። ምክንያት ስጠኝ። ዝም ብሎ ካስማ፣ ካስማ ምንድን ነው? ምክንያት ከሌለህ ይኼ ሆነ ብሎ ምርት ማደናቀፍ ነው፤ ስሙም የታወቀ ነው። ወረቀቱ ይኸው። ማኅበሩ ተረክቤያለሁ ብሎ ከፈረመ ግቢው ዛሬውኑ ይከፈታል፤ በቁልፍም ያለ ቁልፍም።» ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ከፊቱ ወደተቀመጡት አቶ ሁሴን ገፋው። እስክሪብቶም ጨመረበት።

ጋሽ ይመር ምክንያቱን አልተናገሩም። ላባቸው በኮፊያቸው ሥር ሲወርድ ይታየኛል። ምክንያት የሌላቸው መሰለኝ። ሽማግሌ ግትር ሆኖ የሚጠፋበት ቀን መጣ አልኩ።

አቶ ሁሴን እስክሪብቶውን አነሱ። ወዳጃቸውን ለማዳን እንደፈለጉ ያስታውቃሉ፤ ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ይመር ተንኮል አያውቅም። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ጥንቃቄው በዛበት እንጂ። በዚህ አትፍረድበት። እኔ እፈርማለሁ፤ ነገሩም በሰላም ይለቅ።» ወደ ጋሽ ይመር ዞሩ። «አንተ ሰው፣ አብሽር! ምን ያስፈራሃል? የመጀመሪያውን ዓመት ረሳኸው? ያኔ የሰጠኸኝ ክምርኮ በልግና ክረምት ብቻ ነበር ያሳለፈው። አብረን አይደል የዛቅነው? ካሮቱ ክንድ ክንድ አክሎ ወጣ፤ ሰፈሩ ሁሉ ከማሳ እየነቀለ በላ። ምን ሆንን?»

ጋሽ ይመር ካስማውን አዩ።

«ንገራቸው እንጂ» አሉ አቶ ሁሴን ፈገግ ብለው፤ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ደርሷል። «ያኔ ምን ሆንን?»

ጋሽ ይመር ኮፊያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ያለ ኮፊያ አይቻቸው አላውቅም፤ ራሳቸው ትንሽ ነበር።

«ፋጡማ» አሉ።

አቶ ሁሴን ያልሰሙ ይመስል ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ፋጡማ ምን?»

«ከማሳው እየነቀለች፣ አፈሩን በቀሚሷ እየጠረገች ትበላ ነበር። እኔው ፊት። እኔው እየነቀልኩ እሰጣት ነበር፣ ሁሴን።» ድምፃቸው ከወትሮው አልተለወጠም፤ የጭነት ቁጥር የሚያስመዘግቡኝ ነበር የሚመስለው። «ሆስፒታሉ ወስፋት ነው ሲል ልቤ አላርፍ አለ። የተቀበረች ማግስት ማሳህ ገባሁ። አፈሩን በመሐረብ ቋጥሬ ደሴ ለጤና መኮንኑ ወሰድኩት። በማይክሮስኮፕ አሳየኝ። እንደ ሾላ ፍሬ ነው፤ ዙሪያው ኮረት ኮረት ያለ። የወስፋት እንቁላል ነው፣ አልሞተም አለኝ። ስንት ጊዜ አቆየኸው? አለኝ። በልግና ክረምት አልኩት። አንተ ሰው፣ የሚገድለው ዝናቡ መሰለህ? አለኝ። በመካከሉ ያለው በጋ ነው፤ ፀሐዩ ነው፤ ዕድሜው ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ አስቆጥረው አለኝ። እኔ ዝናብ ያጥበዋል ብዬ ነበር። ዝናብ ዝናብ ነው ብዬ በልግን ቆጠርኩት።»

«ወስፋት ከየትም ይመጣል» አለ ጓድ ተስፋዬ፤ ድምፁ ግን ወርዷል።

«ይመጣል። የዚያን ጊዜው ግን ከየት እንደመጣ አይቼዋለሁ።»

«ይኼ ቃለ ጉባኤ ላይ አይግባ» አለኝ ጓድ ተስፋዬ።

«ይግባ» አሉ ጋሽ ይመር። ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፈው ልጄ። ስሜንም ጻፈው። ምክንያት ስጥ ተብያለሁ፤ ሰጥቻለሁ።»

ጻፍኩት። ቀና ስል አቶ ሁሴን እስክሪብቶውን እንደያዙ ነበሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ፈገግታቸውም ገና ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ የት እንደሚያስቀምጡት የጠፋቸው ይመስል ነበር።

«ስድስት ዓመት» አሉ። «ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየኢዱ ቤቴ እየመጣህ...»

አልጨረሱትም።

አቶ ሁሴን እስክሪብቶውን ያልተፈረመበት ወረቀት ላይ አስቀመጡ። ተነሡ። ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ፎጣቸውን አንስተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። ከዚያ ካስማውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱት፤ ያቺን አንዷን ምልክት በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት፣ ሁለተኛዋ ልትቆረጥበት የሚገባውን ባዶ ቦታም ዳሰሱት። መልሰው ጋሽ ይመር ፊት አጋደሙት።

«ሁሴን» አሉ ጋሽ ይመር።

አቶ ሁሴን ወደ በሩ ሄዱ። ውጭ ነፋስ ነበር። ያ በር ለማንም ሰው ጮኾ እንጂ ዝም ብሎ ተዘግቶ አያውቅም፤ ሁላችንም ድምፁን ጠበቅን። አቶ ሁሴን ግን ወጥተው፣ ዞር ብለው፣ ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ከነፋሱ ይዘው ቀስ ብለው ዘጉት።